የተጠረጠረ ፋይል እንዴት ይለያል?
የአንድ ምርመራ ታሪክ

ዲሴምበር 20 ቀን 2013 በቤልጅየም ለሚኖር አንድ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ባልደረባ በስካይፕ አንድ ፋይል ደረሰው። የፋይሉ ስም በእንግሊዝኛ «ለኢሳት የቀረበ ጽሑፍ» የሚል ነበር። ምልክቱም ተራ የፒዲኤፍ ሰነድ ያስመስለዋል። ነገር ግን በስሙ ውስጥ «ፒዲኤፍ» ከሚለው ቅጥያ ቀጥሎ ረጅም ባዶ ቦታ ተትቶ፣ ከባዶው ቦታ ማዶ፣ ዓይን በማያርፍበት ስፍራ፣ «ኢኤክስኢ» የሚል ሌላ ቅጥያ ተቀምጦ ነበር። ይኸውም ፋይሉ የሚነበብ ሰነድ ሳይሆን ሲነካ የሚነሣ ፕሮግራም መሆኑን የሚያመለክት ነው። በዚያው ዕለት በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በጣቢያው ሁለት ሠራተኞች ላይ በጠቅላላው ሦስት ሙከራዎች ተደረጉ።

ፋይሉን የተቀበለው ሰው ያን ጊዜ ያጋጠመው ጥያቄ፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ሁሉ የሚያጋጥመው ነው፤ ይህ ፋይል ጤነኛ ነው ወይስ ጎጂ? ጥያቄው ግን በዚያን ዕለት የተወለደ አልነበረም። ከዚያ በፊት ልክ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ነበረው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሬድ ኮኸን በ1983 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ራሱን በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ እያባዛ የሚተላለፍ ፕሮግራም ይቻላል የሚል ሐሳብ በአንድ ሳምንታዊ የጥናት ጉባኤ ላይ አቀረበ። «ቫይረስ» የሚለውን ስያሜ ያወጡለት መምህሩ ሌናርድ አድልማን ናቸው። ኮኸን በቃል ብቻ አላበቃም። በዩኒክስ በሚሠራ ቫክስ 11/750 ኮምፒዩተር ላይ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ደክሞ ያዘጋጀውን ቫይረስ፣ የፋይሎችን አቀማመጥ በሥዕል በሚያሳይ አንድ ጠቃሚ ፕሮግራም ውስጥ ሸሽጎ ለተጠቃሚዎች አቀረበው። አምስት ጊዜ ተሞከረ፤ በአምስቱም ጊዜ ቫይረሱ የኮምፒዩተሩን ሙሉ ሥልጣን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጨበጠ። ፈጣኑ ሙከራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪዎች ሌላ ሙከራ እንዳይደረግ ከለከሉ። ይህም በሙያው ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የታየ ጠባይ ነው፤ መጥፎ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው በር የወሬ ነጋሪው ነው።

የኮኸን ትልቁ ሥራ ግን ሙከራው አይደለም። በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ማንኛውንም ፕሮግራም መርምሮ «ቫይረስ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ምንጊዜም ሳይሳሳት የሚፈርድ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ማስረጃው አጭርና የማያፈናፍን ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ ፕሮግራም አለ እንበል። አንድ ተንኮለኛ ያንኑ ዳኛ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ፣ «ዳኛው ስለ እኔ ምን ይላል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ዳኛው «ቫይረስ ነህ» ካለው ምንም ሳያደርግ ዝም ይላል፤ «ጤነኛ ነህ» ካለው ግን ወዲያውኑ መባዛት ይጀምራል። ስለዚህ ዳኛው የቱንም ቢመልስ ተሳስቷል። ነገሩ አለን ቱሪንግ በ1936 ካሳየው፣ አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆም እንደሆነ በሁሉም ላይ አስቀድሞ መወሰን አይቻልም ከሚለው ማረጋገጫ ጋር ሥጋና ደም ነው።

ይህን ማረጋገጫ አንዳንዶች «እንግዲያስ ምርመራ ከንቱ ነው» ብለው ተርጉመውታል፤ ስህተት ነው። ኮኸን ያለው አንድም ፋይል አይለይም ሳይሆን፣ ለሁሉም ፋይል የሚሆን አንድ የማይሳሳት መለኪያ የለም ነው። በመሆኑም ከ1984 ወዲህ የተሠራው ሁሉ የመለኪያ ሳይሆን የማስረጃ ሥራ ሆነ። መርማሪው እንደ ዳኛ ከፍርድ አስቀድሞ ምስክር ይፈልጋል፤ ተንኮለኛውም በፊናው ምስክሮቹን አንድ በአንድ ያበላሻል።

የመጀመሪያው ምስክር የፋይሉ መልክ ነበር። በ1987 በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ቫይረስ የተጋለጠው በገዛ ስህተቱ ነው። ቫይረሱ አንድ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር 1,808 ባይት ያህል ይጨምርበታል፤ ቀድሞ የተበከለ መሆኑን ግን በአንድ ዓይነት ፋይሎች ላይ ስለማይለይ፣ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ ይበክለዋል። ፋይሎቹም እያበጡ ሄደው ከኮምፒዩተሩ ትውስታ በላይ ሆኑ። ቫይረሱ ወር በገባ በ13ኛው ቀን ዓርብ በዋለ ጊዜ ሁሉ የሚነሡትን ፕሮግራሞች ለመሰረዝ የተዘጋጀ ነበር፤ እብጠቱ ባያጋልጠው ኖሮ መኖሩ የሚታወቀው በጥፋቱ ቀን ብቻ በሆነ።

ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1986፣ ከላሆር ከተማ የወጣው «ብሬን» የተባለው ቫይረስ መልክ ምስክር ለመሆን እንደማይበቃ አሳይቶ ነበር። ብሬን የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ሲነሣ በመጀመሪያ በሚያነበው የዲስክ ክፍል ላይ ነው። መርማሪ ያንን ክፍል ልይ ባለ ጊዜ፣ ቫይረሱ ጥያቄውን ከመንገድ ጠልፎ ቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛወረውን ንጹሕ ቅጂ ያሳየዋል። ስለሆነም በተበከለው ኮምፒዩተር ራሱ የተደረገ ምርመራ፣ ከተከሳሹ ቤት ተከሳሹ ራሱ መርጦ በሚያቀርበው ምስክር እንደ መፍረድ ነው። ዛሬም ጥንቁቅ ባለሙያ የተጠረጠረውን ዲስክ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አያይዞ የሚመለከተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያም የመለያ ምልክት ዘመን መጣ። የፀረ ቫይረስ ሠሪዎች ከእያንዳንዱ የታወቀ ቫይረስ አካል ውስጥ በሌላ ፕሮግራም የማይገኝ የባይት ተከታታይ እየመረጡ መዝገብ አጠናቀሩ። ምርመራው ፈጣንና ርካሽ ነበር፤ ጉድለቱ ግን ትናንት የታወቀን እንጂ ዛሬ የተወለደን አለመያዙ ነው። በ1990 በአሜሪካ የተጻፈው «1260» የተባለ ቫይረስ በተባዛ ቁጥር ገላውን በምስጢር ጽሑፍ እየለወጠ፣ የምስጢር መፍቻውንም ጭምር እያፈራረቀ መጣ። ብዙ ሳይቆይ «ዳርክ አቬንጀር» በሚል ስም የሚታወቅ ቡልጋሪያዊ ይህንን ጥበብ ማንም ከራሱ ቫይረስ ጋር ሊያያይዘው በሚችል ዝግጁ መሣሪያ መልክ አሰራጨው። መርማሪዎቹም ፋይሉን ሳያምኑት በሐሰተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ ጥቂት እያራመዱ፣ ልብሱን ራሱ እስኪያወልቅ መጠበቅ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ጨዋታ መጥቀስ አይከፋም። የፀረ ቫይረስ ባለሙያዎች መሣሪያቸው መሥራቱን ለመፈተን እውነተኛ ቫይረስ ከመልቀቅ ይልቅ፣ በ68 ፊደላትና ምልክቶች የተጻፈ አንድ ምንም የማይጎዳ ፋይል አዘጋጅተው፣ ሁሉም መሣሪያ «ቫይረስ ነው» እንዲለው ተስማሙ። ይህ ኢካር የሚባለው የመፈተኛ ፋይል ዛሬም ያገለግላል። ንጹሕ መሆኑን ሁሉ እያወቀ ሁሉ የሚኮንነው ፋይል መሆኑ ነው።

ንጹሑን መኮነን ግን ሁልጊዜ ጨዋታ አይደለም። ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው ኩባንያ ያሰራጨው ቁጥር 5958 የመለያ መዝገብ፣ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዋና አካል የሆነውንና «ኤስቪሲሆስት» የሚባለውን ፋይል እንደ ቫይረስ ቆጠረው። መሣሪያው የታዘዘውን ፈጸመ፤ ፋይሉን አገለለ። ኮምፒዩተሮቹም እየጠፉ ይነሡ ጀመር፤ ከመረብም ተቆረጡ፤ መድኃኒቱን በመረብ መላክ ስለማይቻል ሠራተኞች በየጠረጴዛው እየዞሩ በእጅ ማዳን ነበረባቸው። በሮድ አይላንድ ሆስፒታሎች አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና እስከ ማስተላለፍ ተደረሰ። ያን ዕለት ማንም ጠላት አልነበረም። ጉዳቱ የመጣው ከዘበኛው ነው። ምርመራ ሁለት ዓይነት ስህተት አለው፤ ወንጀለኛውን መልቀቅና ንጹሑን ማሰር። በሙያው ውስጥ ስለ መጀመሪያው ብዙ ሲጻፍ ስለ ሁለተኛው የሚጻፈው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ከዚህ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጁን 2010፣ ቀሩ የሚባሉት ሁለት ምስክሮች በአንድ ፋይል ፊት ተረቱ። ቫይረስብሎክአዳ የተባለ አንድ አነስተኛ የቤላሩስ ኩባንያ፣ በኢራን አገር የሚገኝ ደንበኛው ኮምፒዩተሮች ያለ ምክንያት ደጋግመው እየጠፉ እንደሚነሡ ተነግሮት ምርመራ ያዘ። ሰርጌይ ኡላሰንና ባልደረቦቹ ያገኙት፣ በኋላ «ስታክስኔት» የተባለው ፕሮግራም ነው። ተሸካሚ ፋይሎቹ የታወቀው የታይዋን ኩባንያ የሪልቴክ ትክክለኛ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ነበረባቸው። ፊርማው አልተጭበረበረም፤ ማኅተሙ ራሱ ተሰርቆ ነው እንጂ። ሪልቴክ ፊርማው በተሰረዘበት ሰሞን ሌላ ተመሳሳይ ፋይል በጄማይክሮን ኩባንያ ፊርማ ታትሞ ተገኘ። የሁለቱም ኩባንያዎች ቢሮ በታይዋን በአንዱ የሲንቹ የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ «የታወቀ ፊርማ ያለበት ፋይል ጤነኛ ነው» የሚለው አባባል እንደ ሕግ ይቆጠር ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የፋይሉ ምግባር ነበር። የተጠረጠረን ፋይል ከሌሎች በተለየ ኮምፒዩተር ላይ አስነሥቶ የሚያደርገውን መመልከት ከሁሉ የታመነ ዘዴ ነው። ስታክስኔት ግን በየቦታው ራሱን ቢያባዛም፣ የተላከበትን ጥፋት የሚፈጽመው በአንድ ዓይነት ስፍራ ብቻ ነበር። ከሲመንስ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ጋር የተያያዙ፣ አንድ የፊንላንድና አንድ የኢራን ኩባንያ የሠሯቸው የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ መቀየሪያዎች ቢያንስ 33 መኖራቸውን ይቆጥራል፤ ከ807 እስከ 1,210 ሄርትዝ በሆነ ፍጥነት የሚሠሩ መሆናቸውንም ለቀናት ይከታተላል። ይህ ሁሉ ከተሟላ ፍጥነቱን ወደ 1,410 ሄርትዝ ከፍ፣ በኋላም ወደ 2 ሄርትዝ ዝቅ ያደርገዋል። ይህም በናታንዝ ዩራኒየም የሚያበለጽጉትን ሴንትሪፉጆች ለመስበር የታሰበ ነው። ከዚያ ውጭ በሆነ በማንኛውም የምርመራ ክፍል፣ ፋይሉ ዋና ተግባሩን ሳይገልጽ ሺህ ጊዜ ቢመረመር ሺህ ጊዜ ዝም ይላል። የኮኸን ተንኮለኛ ዳኛውን የጠየቀው በወረቀት ላይ ነበር፤ ስታክስኔት ፋብሪካውን ጠየቀ። ነገሩን የፈቱት ፋይሉን በማስነሣት ሳይሆን፣ ትእዛዞቹን መስመር በመስመር በማንበብ ወራት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛው ጀርመናዊው የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ባለሙያ ራልፍ ላንግነር ነው፤ የኮምፒዩተር ቫይረስ ሊቅ ሳይሆን ማሽኑን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

መልኩ፣ ምልክቱ፣ ፊርማውና ምግባሩ እንደዚህ ከተረቱ፣ መርማሪው ምን ቀረው? የቀረው፣ ፋይሉ ከማን ጋር እንደሚነጋገር መጠየቅ ነው። ሰላይ ፕሮግራም ምንም ያህል ቢሸሸግ፣ የሰበሰበውን ለላከው ማድረስ አለበት፤ ካላደረሰ መኖሩ ትርጉም የለውም። የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባውም በዚሁ በር ነው።

በ1ኛ ደረጃ መነሻው ባሕሬን ነበረች። በ2012 ለባሕሬን የመብት ተሟጋቾች በኢሜይል የተላኩ ፋይሎች በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ደረሱ። መርማሪዎቹ ፋይሉን አስነሥተው የኮምፒዩተሩን ትውስታ ሲፈትሹ፣ ሠሪዎቹ ሳያጠፉት የቀረ «ፊንስፓይ» የሚል ቃል አገኙ። ፊንስፓይ ለመንግሥታት ይሸጥ የነበረ የስለላ ፕሮግራም ነው። ቀጥሎ ክላውዲዮ ጓርኒየሪ የተባለ ተመራማሪ ፋይሉ የሚገናኝበትን ሰርቨር ባልተለመደ አኳኋን ቢጠይቀው፣ ሰርቨሩ በጀርመንኛ «ሃሎ ሽቴፊ» ብሎ መለሰ። ለምን እንዲህ እንዲል እንደተደረገ ሠሪዎቹ ያውቃሉ፤ ምናልባት የአንድ ፕሮግራመር ቀልድ ይሆናል። ለመርማሪዎቹ ግን ከማንኛውም የባይት ተከታታይ የተሻለ መለያ ሆነላቸው። ይህንኑ መልስ የሚሰጡ ሌሎች ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ሲፈለጉ፣ በኦገስት 2012 አሥር ያህል አገሮች ተዘረዘሩ፤ ከእነርሱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የሰርቨሮቹ ባለቤቶች ሰላምታውን አጠፉት፤ መርማሪዎቹም ሌሎች መለያዎችን አገኙ። በማርች 2013 ሲቲዝን ላብ ባወጣው ዘገባ የአገሮቹ ቁጥር 25 ደረሰ። ከዚሁ ጋር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ የተዘጋጀ፣ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር የሚገናኝ ፋይል ይፋ ሆነ።

ለኢሳት የተላከው ፋይል የመጣው ከዚህ ዘጠኝ ወር በኋላ ነው። መርማሪዎቹ አሁን የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ፋይሉ ሲነሣ የሚገናኝበትን ሰርቨር ተከተሉ፤ ሰርቨሩ የሚያቀርበው የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት «አርሲኤስ» የሚል ስም ይዞ ተገኘ። አርሲኤስ በሚላኖ ይገኝ የነበረው የሃኪንግ ቲም ኩባንያ ለመንግሥታት ብቻ እሸጠዋለሁ ይለው የነበረው ሰላይ ፕሮግራም ነው። ዘገባው በፌብሩዋሪ 2014 ወጣ። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይህንን ፕሮግራም መንግሥት አልተጠቀመም ብሎ አስተባበለ፤ ኩባንያውም ደንበኞቹን እንደማይገልጽ ተናገረ። በንጹሕ ቴክኒክ ረገድ ክርክሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ፋይል የሠራውን ኩባንያ ሊመሰክር ይችላል፤ የላከውን እጅ ግን በቀጥታ አያሳይም። በጁላይ 2015 ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ በሌሎች ሰባሪዎች ተዘረፈ፤ 400 ጊጋባይት ያህል የውስጥ ሰነድ በአደባባይ ተበተነ። ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ። የሠራተኞቹም የእርስ በእርስ ደብዳቤ ስለዚሁ ጉዳይ የሚያወሳ ነበር።

ከፋይሉ ምርመራ ወደ ፍርድ ቤት የሄደም አለ። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ፣ ስሙ ተሰውሮ «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ፣ በ2014 በዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ አቀረበ። በኢሜይል አባሪነት የመጣ ሰነድ ፊንስፓይን በኮምፒዩተሩ ላይ እንዳስቀመጠበት፣ የስካይፕ ንግግሩና ደብዳቤው ለወራት እንደተቀዳበት አመለከተ። ማስረጃው የተገኘው በሚያስገርም መንገድ ነው። የማርች 2013 ዘገባ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰላዩ ፕሮግራም ራሱን ከኮምፒዩተሩ ማጥፋት ጀመረ፤ ሥራውን ግን አልፈጸመም፤ ዱካውን ትቶ ቀረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 ክሱን ሲዘጋ የተመለከተው የሕግ ሥልጣንን እንጂ ፋይሉን አልነበረም። በውጭ መንግሥት ላይ ይህን መሰል ክስ የሚሰማው ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ እንደሆነ ነው፤ ይህ ግን የታቀደውም የተላከውም ከውጭ ነው ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ፋይሉ ተለይቶ ታውቆ እንኳ፣ ወንጀሉ የት አገር እንደተፈጸመ የሚለይ ጠፋ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሲቲዝን ላብ ሌላ ዘገባ አወጣ። ከ2016 ጀምሮ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚላኩ ኢሜይሎች ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽን ያድሱ» እያሉ ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ይመሩ ነበር፤ ሲታደስ የሚወርደው ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ሰላይ ፕሮግራም ነው። የዚህን ጊዜ መርማሪዎቹ ብዙ መድከም አላስፈለጋቸውም። ሰርቨሩን ያቆሙት ሰዎች የሥራ መዝገባቸውን ማንም እንዲያነበው ክፍት ትተውት ነበር። መርማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ መዝገቡን እየተከታተሉ፣ ፕሮግራሙ ከ20 አገሮች ውስጥ የትኛው ኮምፒዩተር ላይ መቼ እንደተነሣ አነበቡ። ኢሜይሉ ከተላከላቸው ሰዎች መካከል አንዱ ቢል ማርዛክ ይባላል፤ እነዚህን ፋይሎች ከዓመት ዓመት ሲመረምር የኖረው የሲቲዝን ላብ ተመራማሪ ራሱ ነበር።